«መጣሁ» ብሎ የሄደ ሰው ጉዳይ

እትዬ ተራ የሚለውን ስም ያወጡላት ሕመምተኞች ናቸው። በጤና ጣቢያው የካርድ ክፍል መስኮት ኋላ ሃያ ሁለት ዓመት ተቀምጣ ቁጥር አድላለች፤ ከካርቶን የተቆረጠ፣ ከእጅ ብዛት ጠርዙ የተላላጠ ቁጥር። «ተራህን ጠብቅ»፣ «ተራሽ ገና ነው»፣ «ተራ እኮ ነው የምልህ» ስትል ስለምትውል፣ አንድ ቀን ኩላሊቱን ያመመው ሰው ተናዶ «እትዬ ተራ» አላት። ሰውየው ድኖ ሄደ፣ ስሙ እሷ ላይ ቀረ። ተራ ማለት ወረፋ ነው፤ ተራ ማለት ደግሞ ማንም ዞሮ የማያየው ሰው ነው። «ሁለቱም ልኬ ነው» ትላለች ራሷ።

ወላጅ እናቷ ጥርሷን ታማ፣ ጉንጯን በሻርፕ አስራ የመጣች ዕለት አርባ አንድ ቁጥር ሰጥታታለች። እናትየው «ልጄ እኮ ናት» እያለች ለሰልፈኛው ሁሉ ስትናገር ሰልፈኛው አዝኖ «ኧረ ትግባ» አለ። እትዬ ተራ ግን «አርባ አንድ ሩቅ አይደለም እማዬ» አለችና «ቁጥር ዘጠኝ» ብላ ተጣራች። እናትየው ጥርሷን አስነቅላ ከሄደች በኋላ ለሦስት ወር ቤቷ አልመጣችም።

ባሏ የዚያው ጤና ጣቢያ የአምቡላንስ ሹፌር ነበር። ሠላሳ ዓመት ጡሩምባውን እያስጮኸ ከመንገዱ ሰው ሲያስለቅቅ የኖረ፣ ቀይ መብራት ለሌላ ሰው የተተከለ የሚመስለው። እሱ በዕድሜው ተራ ጠብቆ አያውቅም፤ እሷ ከተራ በቀር የምታውቀው የለም። እንዲህ ያለ ባልና ሚስት ወይ ይፋታል ወይ ይላመዳል፤ እነሱ ለመፋታት የሚሆን ጊዜ ስላላገኙ ተላመዱ።

ጡረታ የወጣ ዕለት ቁልፉን አስረክቦ በእግሩ መጣ። ያ ሁሉ ጩኸት የት እንደገባ እንጃ፤ አልጋው ላይ ጋደም አለና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። «ምን ሆንክ?» ትለዋለች። «ምን እሆናለሁ።» «ምሳ ላቅርብ?» «ይቆይ።» ይቆይ፣ ይቆይ እያለ ስምንት ወር ቆየ። ካርድ ክፍል የሠራ ሰው፣ ጡረተኛ ፊቱን ወደ ግድግዳ ሲያዞር ቀጥሎ የሚመጣውን ያውቃል፤ ስንቱን ካርድ ከመደርደሪያው አንሥታ «የማይመለሱ» የተባለው ሣጥን ውስጥ ከታለች። ከሥራ ስትገባ መጀመሪያ የምታየው ጀርባውን ነበር። ከፍ ዝቅ ማለቱን ቆማ ታይና ከዚያ ጫማዋን ታወልቃለች።

ከግድግዳው ያላቀቀው የራጅ ክፍሉ ባለሙያ ነው። ይህ ሰው ቀኑን ሙሉ በጨለማ ክፍል የሰው አጥንት ሲያይ ስለሚውል ይሁን ወይም ከእናቱ ማህፀን ይዞት መጥቶ፣ ተረት ሲያወራ አፍ ያስከፍታል። አንድ ጨዋታ ከየት እንደተማረው ተማረና ወደ ሠራተኞች ማረፊያ ክፍል አመጣው፤ ጡረተኛውንም ከአልጋው ጎትቶ አስቀመጠው። ጨዋታው ሰሌዳ የለውም፤ ጠጠር የለውም። ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ፤ እያንዳንዱ በወረቀት ላይ አንድ ሰው ይፈጥራል፤ ጉልበቱን፣ ብልሃቱን፣ የያዘውን ዕቃ ይጽፋል። ተራኪው፣ ማለትም የራጁ ሰው፣ «አንድ ዋሻ አፍ ላይ ደርሳችኋል» ሲል ተጫዋቾቹ የእኔ ሰው እንዲህ አደረገ፣ እንዲያ አደረገ ይላሉ። ይሳካለት እንደሆነ የሚወስነው እየተጣለ ቁጥር የሚያወጣ፣ ሃያ ፊት ያለው ዳይስ ነው። «ሰው ሁለት ፊት ቢኖረው ይታማል፤ ይሄ ሃያ ይዞ ይታመናል» አለች እትዬ ተራ መጀመሪያ ስታየው።

ባሏ በወረቀቱ ላይ የፈጠረው ሰው በር ገንጣይ ይባል ነበር። ቁመቱ ሁለት ሜትር ከሠላሳ፣ ጉልበቱ የማይታመም። የያዘው ዕቃ አንድ መጥረቢያና አንድ ጡሩምባ። ወረቀቱን በላስቲክ ማኅደር ከቶ ከፍራሹ ሥር ያስቀምጠዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ጨዋታ ስላለ ቅዳሜ ጠዋት ይላጫል፤ ዓርብ ማታ ሸሚዝ ይመርጣል፤ ሐሙስ ዕለት ስለ ዘንዶ ያወራል። እትዬ ተራ ስለ ዘንዶ የሚወራ ነገር ጆሮዋን ቢያደነቁራትም፣ ወሬው ፊት ለፊት የሚወራ ስለነበር ቁጭ ብላ ሰማችው። ሁለት ዓመት።

ጨዋታው ውድድር ከሆነ በኋላ ነው ጠብ የመጣው። በአንድ ወገን ዘበኛው፣ አትክልተኛው፣ ጽዳቷ ሴትና ጡረተኛው ሹፌር ሆነው የግቢ ቡድን ተባሉ። በሌላ ወገን የፋርማሲው ሰው፣ የላቦራቶሪዋ ልጅና ሁለት ነርሶች የጋውን ቡድን ተባሉ። ሁለቱም ቡድኖች አንድ ዋሻ ውስጥ በየተራ ይሄዳሉ፤ ዘንዶ የሚጠብቀውን ሣጥን ቀድሞ ያወጣ መርፌ የሚቀቀልበትን አሮጌ ብረት በዋንጫ ፋንታ ይወስዳል። የመጀመሪያው ዓመት ዳኛ አልነበረም። ዳይሱ ተንከባሎ ወንበር ሥር ሃያ ሲያሳይ ግማሹ «ይቆጠራል» ግማሹ «አይቆጠርም» አለ። የፋርማሲው ሰው ብልቃጥ አንሥቶ «ጠጣሁት» አለና መርዝ መሆኑ ሲነገረው «ቀልዴን ነው፣ ማን ይጠጣዋል» አለ። ዘበኛው ለሦስት ሳምንት ጋውን የለበሰን ሰው ሁሉ በር ላይ መታወቂያ ጠየቀ።

ዳኛ ይኑር ተባለ። ሁሉንም ሰው እኩል ያስቀየመ ማነው ተብሎ ሲታሰብ ከእትዬ ተራ ሌላ አልተገኘም። ከጋውንም አይደለች፣ ከግቢም አይደለች፤ መስኮት ላይ ናት።

«ባሌ እኮ ተጫዋች ነው» አለቻቸው።

«እናትሽን ያሰለፍሽ ሰውዬውን ትምሪዋለሽ?» አለ ዘበኛው። ነገሩ በዚያ አለቀ።

ጨዋታው መጀመሪያ አልገባትም ነበር። «ዘንዶው የታለ?» ብላ ጠየቀች።

«በምናብ ነው እትዬ» አላት የራጁ ሰው።

«እሺ፣ በምናብ። ተራው ስንተኛ ነው?»

ዳኝነቱን ስትጀምር ሁለት ነገር አደረገች። አንደኛው፣ ጠረጴዛው ላይ ላለ ሰው ሁሉ «እርስዎ» ማለት ነው፤ ባሏንም ጭምር። ቤት «አንተ ሰውዬ» የምትለውን ሰው ቅዳሜ ከሰዓት «ተጫዋች፣ ዳይስዎን ይጣሉ» ስትለው ባልየው የሆነ እንግዳ ደስታ ይሰማው ነበር፤ በትዳር ዘመኑ እንዲህ ተከብሮ አያውቅም። ሁለተኛው ሕጉ ነው። ትምህርቷን ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠች ሴት ናት፤ ሕጉንም በአፏ ተናግራ የላቦራቶሪዋ ልጅ በደህና ጽሕፈቷ ደብተር ላይ ጻፈችው። «ተጫዋች ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አደረግሁ ብሎ የተናገረው ሁሉ እንደተደረገ ይቆጠራል። ‹ልክፈት› ያለ አልከፈተም፤ ‹ከፈትኩ› ያለ ከፍቷል። ‹ቀልዴን ነው› የለም። ከአፍ የወጣ አፋፍ።» ሰዉም የአፋፍ ሕግ አለው። ከዚያ ወዲህ ጠብ ቀረ፤ ሰው ሁሉ «ልሂድ? ልዝለል? ልምታ?» እያለ እንደ አዲስ ሙሽራ በፈቃድ መናገር ለመደ።

የፍጻሜው ቅዳሜ ደረሰ። ባልየው ተላጭቶ፣ ሰማያዊ ሸሚዙን ለብሶ፣ መንገድ ላይ ማኅደሩን በብብቱ ይዞ ከፊቷ ከፊቷ ሄደ። ሕጉ እንደሚለው በፍጻሜ ጨዋታ የሞተ ሰው እስከሚቀጥለው ዓመት አይነሣም፤ ወረቀቱም ይቀደዳል። እትዬ ተራ ይህንን ከኋላው እየሄደች አሰበችው። በር ገንጣይ ከሞተ ቅዳሜ የለም። ቅዳሜ ከሌለ ግድግዳው አለ።

ጨዋታው ስምንት ሰዓት ላይ ተጀመረ። የመጀመሪያው ሰዓት ገና ሳይሞላ የግቢ ቡድን ከሙታን ሠራዊት ጋር ተገናኘ። ዘበኛው በጨዋታው አስማተኛ ነው፤ ግን የሃያ ዓመት ልማዱ የት ይሄዳል? ዐፅሞቹ ሰይፍ መዝዘው ሲመጡ እጁን ዘርግቶ «ቆይ፣ ወዴት ነው? መታወቂያ» አላቸው። የራጁ ሰው ደግሞ ሳይስቅ «ዐፅሙ ኪሱን ይፈትሻል፤ ኪስ የለውም» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። የላቦራቶሪዋ ልጅ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ሆዷን ይዛ «ውይ… በቃ ሞትኩ» አለች።

ሳቁ ቀስ ብሎ ቆመ። ሁሉም ወደ እትዬ ተራ ዞረ።

ልጅቷ የጋውን ቡድን ሐኪም ነበረች፤ ቁስል የምታድነው እሷ ብቻ ናት። «እትዬ፣ ስቄ እኮ ነው» አለች ዓይኗን እየጠረገች።

እትዬ ተራ ደብተሩን ገልጣ አነበበች። ጽሕፈቱ የራሷ የልጅቷ ነበር። «ተቀምጠው ነበር፤ ‹ሞትኩ› ብለዋል» አለች። «ይሄው ነው።» ወረቀቷ ተቀደደ፤ ልጅቷ በመስኮቱ ሥር ወዳለው አግዳሚ ተዛወረች። የፋርማሲው ሰው መነጽሩን አውልቆ ጠረገው፣ መልሶ አደረገው፣ ከዚያም ሁለት ሰዓት ሙሉ ጠበቀ።

ዐሥር ሰዓት ከሩብ ሲሆን የግቢ ቡድን የዘንዶው ዋሻ አፍ ላይ ደረሰ። የራጁ ሰው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዘንዶው ሣጥኑ ላይ ተጠምጥሞ ተኝቷል። አንድ ዓይኑን ገለጠ። ትንፋሹ ይፋጃል፤ ብቻውን የገባበትን ያቃጥላል። አንገቱን ቀና አደረገና እንዲህ አለ፦ ‹ማነው ደፍሮ የሚመጣ?›»

ሁሉም ትንፋሹን ውጦ ተራኪውን ያያል። በዚያ ጸጥታ መሃል ጡረተኛው ሹፌር የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨበጠና «መጣሁ» አለ። ከዚያም ወገቡን ይዞ በጓሮ በር ወጣ።

የት እንደሄደ ማንም መጠየቅ አላስፈለገውም። ዕድሜው ስድሳን ካለፈ ወዲህ በየሰዓቱ ግቢው ጥግ ወዳለው ሽንት ቤት ይመላለሳል። ጽዳቷ ሴት ሻይ መቅዳት ጀመረች። የፋርማሲው ሰው ጣቱን አነሣ።

«አቤቱታ አለኝ።»

«ይናገሩ» አለች እትዬ ተራ።

«ዘንዶው ‹ማነው የሚመጣ?› ብሎ ጠየቀ። በር ገንጣይ ‹መጣሁ› ብሎ መለሰ። ስለዚህ ገብቷል። ብቻውን።»

«ሰውዬው ሽንት ቤት ነው እኮ የሄደው» አለ ዘበኛው።

«ሥጋው ነው የሄደው። በር ገንጣይ ዋሻ ውስጥ ነው።»

«ኧረ ተው ዶክተር። ሰው ሁሉ ሲሄድ ‹መጣሁ› ነው የሚለው። ‹ሄድኩ› ብሎ የሚሄድ የተጣላ ሰው ብቻ ነው።»

«እኔም እኮ አልሞትኩም ነበር» አለች የላቦራቶሪዋ ልጅ ከአግዳሚው ላይ፣ ብስኩት እያላመጠች።

«ሙት አይናገርም፣ አንቺ» አለ ዘበኛው።

«ገዳዬ ሲከራከር ዝም ልበል?»

«እኔ ምን አደረግሁሽ?»

«ማን አሳቀኝ?»

ዘበኛው እሷን ተወና ወደ ዳኛዋ ዞረ። «እትዬ፣ ‹መጣሁ› ማለት ‹ሄጄ ልምጣ› ማለት ነው። ይሄንን ያልተማረው እንኳ ያውቀዋል።»

«‹ልምጣ› ቢል ኖሮማ ሕጉ ነፃ ያወጣው ነበር» አለ የፋርማሲው ሰው። «‹ልክፈት› ያለ አልከፈተም ተብሎ ተጽፏል። እሱ ግን ‹ልምጣ› አላለም።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። የፋርማሲው ሰው ግን ሞኝ አልነበረም፤ ወረቀቱም የእሷ ነበር።

እትዬ ተራ ደብተሩን ዘግታ ተቀመጠች። «መጣሁ» ማለት መምጣት እንዳልሆነ ጠፍቷት አይደለም። ጎረቤቷ «መጣሁ» ብላ ከቡና ላይ ተነሥታ ማግስቱን የምትመለስ ሴት ናት። ግን «ሞትኩ» ማለትስ መቼ መሞት ሆኖ ያውቃል? ከሁለት ሰዓት በፊት አንዲት ልጅ ስቃ ሞታለች ብላ ወረቀቷን ያስቀደደችው ማን ሆነና ነው? ያኔ ጥርጣሬ ሽው አላላትም። አሁን የራሷ ሰው ሲነካ ነው ቃል ሁሉ ሁለት ትርጉም ያለው የመሰላት። አሁን «ይህስ አይቆጠርም» ብትል ትክክል ናት፤ ትክክል መሆኗን የሚያምናት ግን አንድ ሰው አይኖርም። ሰኞ ጠዋት መስኮቷ ላይ የመጀመሪያው ሕመምተኛ «ባልሽን ካስቀደምሽ እኔንስ?» ይላታል። «ይቆጠራል» ብትል ደግሞ ቀጥ ያለች ዳኛ ትባላለች፣ ባሏም ወደ ግድግዳው ይመለሳል። እውነቱ ጠማማ የሚመስልበት፣ ጠማማው ቀጥ ያለ የሚመስልበት ቀን ነበር። ሻይዋን አነሣች፤ ቀዝቅዟል።

መውጫ ያገኘው ዘበኛው ነው። «ቆይ፣ ቆይ። ሕጉ ‹ወንበሩ ላይ ተቀምጦ› ነው የሚለው። ጋሼ ሲናገር ተነሥቶ ነበር።»

«አልተነሣም» አለ የፋርማሲው ሰው።

«ተነሥቷል። ወንበሩ ሲጢጥ ሲል ሰምቻለሁ።»

«ያ ወንበር ባዶውንም ሲጢጥ ይላል።»

«አይተኸዋል?»

የፋርማሲው ሰው አላየም። ማንም አላየም፤ ሁሉም ተራኪውን ነበር የሚያየው። እትዬ ተራም አላየችም፣ ተራ እየመዘገበች ነበር። ግን ታውቃለች። ሠላሳ አምስት ዓመት አብራው ስትኖር ያ ሰው አንድም ቀን ቆሞ «መጣሁ» ብሎ አያውቅም። ዳኛ ግን ያላየችውን አይታለሁ አትልም፤ የምታውቀውን ደግሞ አትመሰክርም።

«ራሱ ይጠየቅ» አለች። «ምልክት የሚሰጥ ሰው ደግሞ ሁለት ተራ ዳይስ አይጥልም።»

ዘበኛው ለምልክት እንዲሆነው ከወንበሩ መነሣት ጀምሮ ነበር። መሃል ላይ ቀረ።

ጠበቁ። የሽንት ቤቱ በር ተከፈተ፤ ቧንቧው ፈሰሰ፤ ቧንቧው ቆመ። ጫማው ጠጠሩን እየፈጨ መጣ። ባልየው እጁን በሱሪው እየጠረገ ገባና የሁሉንም ፊት አየ።

«ምነው፣ ሰው ሞተ እንዴ?»

«እየተጣራ ነው» አለ የራጁ ሰው።

«ተጫዋች» አለች እትዬ ተራ፤ «ቅድም ‹መጣሁ› ሲሉ ተቀምጠው ነበር ወይስ ቆመው?»

ባልየው ነገሩ ምን እንደሆነ አልገባውም፤ ጥያቄው ግን ወጥመድ እንዳለው ገብቶታል። አትክልተኛው ጣሪያ ያያል። ዘበኛው እንደ ሐውልት ቆሟል። የፋርማሲው ሰው መነጽሩን ይጠርጋል። ባልየው እንደ ልማዱ የሚስቱን ፊት አየ፤ በትዳር ዘመኑ ሁሉ ከባድ ጥያቄ ሲመጣበት መልሱን የሚያገኘው እዚያ ነበር፤ ዘመድ ሲመጣ ይቆይ ወይ ይሂድ፣ ዕቃ ይገዛ ወይ ይቅር። ዛሬ የካርድ ክፍል መስኮት ነው የሆነበት። ምንም አልተጻፈበትም።

ስለዚህ እውነቱን ተናገረ።

«ተቀምጬ ነዋ። ጉልበቴን እያወቅሽው ምን ትጠይቂኛለሽ። እኔ እኮ መነሣት ሳስብ ነው የምናገረው፤ እስክነሣ ድረስ ሰው እንዳይረሳኝ።»

መጀመሪያ አንገቱን የደፋው የፋርማሲው ሰው ነው። «እትዬ… አቤቱታውን ብተወውስ? ይቅር፣ በዳይስ እናሸንፋቸዋለን።»

«ከአፍዎ ወጥቷል» አለችው። ከዚያም ወደ ባሏ ዞረች። «ገብተዋል።»

«የት?»

«ዘንዶው ዘንድ።»

«መቼ?»

«ቅድም።»

«ምን ላደርግ?»

«‹መጣሁ› ብለው።»

ባልየው ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። «እኔ የሄድኩት እኮ ሌላ ቦታ ነው» አለ፤ ለማንም አልነበረም። ብቻውን የገባ ሰው ከትንፋሹ ለማምለጥ ዐሥራ ስምንትና ከዚያ በላይ መጣል አለበት። ዳይሱን በመዳፉ አሽቶ ጣለው። ሰባት። ሰባት ለሌላ ነገር ደህና ቁጥር ነው። የራጁ ሰው አሟሟቱን አሳምሮ፣ መጥረቢያው እንዴት እንደቀለጠ፣ ጡሩምባው በእሳቱ መሃል ለመጨረሻ ጊዜ እንዴት እንደጮኸ ተረከ። ጽዳቷ ሴት አለቀሰች። እትዬ ተራ ወረቀቱን ከማኅደሩ አውጥታ ቀደደችው፤ አራት ቦታ፣ ሕጉ እንደሚለው።

«ይህ ሕግ መጥፎ ሕግ ነው» አለች ቁራጮቹን እየሰበሰበች። «ያወጣሁት እኔ ነኝ። ቅድም ልጅቷ ስትስቅ ነበር ማየት የነበረብኝ፤ አላየሁም። ዛሬ ግን አልሽረውም። ሕግ የሚሻረው የዳኛ ዘመድ ባልሞተበት ቀን ነው። የዛሬ ሳምንት ስብሰባ ጥሩልኝ። አሁን የጋውን ተራ ነው።»

ብረቱን ጋውኖች ወሰዱት። አውቶቡስ ላይ ባልየው ከሹፌሩ ጎን ተቀመጠ፣ እሷ ከኋላ። ቤት ሲገቡ ሰማያዊ ሸሚዙን ሳያወልቅ ጋደም አለና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

እሁድ እንደዚያው። ሰኞም። መስኮቷ ላይ አንድ ሽማግሌ «ባልሽን በላሽው አሉ» አላት፤ «ቁጥር አሥራ ስድስት ነዎት፣ ይቀመጡ» አለችው። ማክሰኞ ምሳ ላቅርብ ስትለው «ሙት አይበላም» አለ። ቀልድ መሆኑን ለማየት ፊቱን ፈለገች፤ ፊቱ ግን ግድግዳው ጋ ነው። ሳህኑን ወንበር ላይ አስቀምጣለት ወጣች፤ ስትመለስ ግማሹ ተበልቶ ነበር። ሐሙስ ስለ ዘንዶ የሚያወራ ሰው ስላልነበረ ቤቱ ጸጥ አለ። «ተናደሃል?» አለችው ለጀርባው። «ልክ ነሽ እኮ» አለ ጀርባው፤ «ምን ብዬ እናደዳለሁ።» ቢቆጣት ይሻላት ነበር። የተቆጣ ሰው ቢያንስ ዞሮ ያያል።

ቅዳሜ ብቻዋን ወደ ስብሰባው ሄደች። ስምንቱ ተጫዋቾችና ተራኪው ድምፅ አላቸው፤ ዳኛ የላትም። ባሏ የለም፤ ስምንት ሰው ተገኝቷል። «የአፋፍ ሕግ ይሻር ነው የምለው» አለች። «ሰው ሲናገር ምን ማለቱ እንደሆነ ዳኛው ይጠይቅ። ሳቅ ሳቅ ነው፤ ሽንት ቤት ሽንት ቤት ነው።» ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። የፋርማሲው ሰው ሳይቀር «ደግፌያለሁ» አለ። ሁለቱ ነርሶች ብቻ የምንናገረው ነገር አለን ስላሉ በተራ መዘገበቻቸው።

በሩ ተከፈተ። ባልየው ቆሟል። ተላጭቷል፤ ቸኩሎ ስለነበር አገጩ ላይ ሁለት ቦታ ደምቷል። «ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት መናገር እፈልጋለሁ» አለ።

«ሦስተኛ ነዎት» አለችው።

ተቀመጠ። እግሩን አነቃነቀ፣ ጠረጴዛውን በጣቱ መታ፣ የመጀመሪያዋ ነርስ ስትናገር ሁለት ጊዜ አፉን ከፍቶ ዘጋው። ሁለተኛዋ ስትጨርስ ገና ሳትቀመጥ ተነሣ፤ ጉልበቱ እንደሚያመው የረሳ ይመስል ነበር።

«ይህ ሕግ ዛሬ ከተሻረ እኔ በምን ሞትኩ?» አለ። «በስህተት ነው? በስህተት የሞተ ሰው በመኪናዬ አመላልሻለሁ፤ ቤተሰቡ ዕድሜ ልኩን አይጽናናም። እኔ ግን በሕግ ነው የሞትኩት። አንድ ቃል ተናገርኩ፣ ቃሌ ተቆጠረ። ቤት ውስጥ ስንት ነገር እናገራለሁ፣ ማን ይቆጥርልኛል? ሁለት ዓመት እዚህ ስጫወት ደስ ያለኝ እኮ ይሄ ነው፤ ‹ገነጠልኩ› ካልኩ በሩ ተገንጥሏል። አሁን ምን ማለትህ ነው እየተባልኩ ልጠየቅ? ምን ማለቴ እንደሆነ ሐኪሞች ሲጠይቁኝ ከርመዋል።»

«እውነቱን ነው» አለች የላቦራቶሪዋ ልጅ። «እኔም በወግ የሞትኩ ነኝ። በቀልድ ሞተች እንዲባልልኝ አልፈልግም።»

«ተራሽ አልነበረም» አላት ባልየው።

እትዬ ተራ ለመመለስ ሞከረች። ሕጉ ሰውን ከሳቁ እንደሚለይ፣ ከሽንቱ እንደሚለይ ተናገረች። ባሏ እያንዳንዱን ነጥብ እጁን አውጥቶ፣ ተመዝግቦ፣ ተራው ሲደርስ መለሰላት። ፊቱ ቀልቷል፤ ጡሩምባ የሚነፋ ይመስል ነበር። ድምፅ ሲሰጥ አምስት ለአራት ሆነ። ሕጉ ጸና፤ ሐሳቧ ወደቀ። ዘበኛው «እትዬ፣ በሃያ ሁለት ዓመት ዛሬ ገና ተሸነፍሽ» አላት።

«ይመዝገብ» አለች።

ወደ ቤት በእግራቸው ሄዱ። ባልየው ከጎኗ ነበር፤ አፉ አልተዘጋም። የሕጉ ነፍስ ደህና ነው፣ አጻጻፉ ግን ቀዳዳ አለው አለ። «ወንበር» ይላል። አግዳሚ ወንበር ነው? አግዳሚ ላይ የተቀመጠ ሙት ‹ተነሣሁ› ቢልስ? ይነሣል ወይስ አይነሣም? ይሄ ነገር ካልተጣራ በሚቀጥለው ዓመት ሰው መጥፎ ጠብ ይጣላል።

«አንቺ ምን ይመስልሻል?»

«በጽሑፍ ያቅርቡት» አለችው።

በእግረኛ መንገዱ መሃል ቆመ። ሰው በግራና በቀኝ ይገፋቸዋል፤ አንዲት ሴት ዘንቢሏን አስነክታቸው «መንገድ ላይ ነው እንዴ» ብላ አለፈች። ባልየው የሸሚዙን ኪስ ፈትሾ የአውቶቡስ ቲኬት አገኘ፤ ከእሷ ቦርሳ እስኪርቢቶ አወጣ። «ዘወር በይልኝ እስቲ» አላት። ዘወር አለች። ቲኬቱን ጀርባዋ ላይ አስደግፎ መጻፍ ጀመረ።

«አትነቃነቂ።»

«ቶሎ በል፣ ሰው እያየን ነው።»

«አግዳሚ በስንት ‹ግ› ነው የሚጻፈው?»

«በአንድ» አለች፤ ጎንበስ ብላ ቆመችለት።